ዕፅዋት መማር ለሚፈልግ ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንዴት ይመረጣል?

የእህቴ ልጅ አምና መስከረም ላይ የማትሪክ ውጤቱን ባየ በሦስተኛው ቀን ቤቴ መጣ። ውጤቱ ጥሩ ነው። "ሐኪም ሁን" የሚለው ዘመድ በዝቶበታል። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ መንገድ ዳር ቅጠል እየቀነጠሰ "ይሄ ምን ይባላል?" የሚል ልጅ ነው። ስልኩን አወጣና የትምህርት ክፍሎች ዝርዝር ያለበትን ፋይል ፊቴ ደቀነው።

"ጋሼ፣ ቦታኒ የሚባል የለም እኮ!"

ከላይ እስከ ታች ሦስቴ አይቶታል። ልክ ነው፣ ቦታኒ ማለትም የዕፅዋት ጥናት በስሙ የለም። እዚህ ጋ ነው ብዙ ልጅ ተስፋ ቆርጦ ሌላ ነገር ሞልቶ የሚያልፈው። እኔ ባዮሎጂ ተምሬ፣ ማስተርሴን ዕፅዋት ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። ለእሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቆራረጥኩ የነገርኩትን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው።

1. የምትፈልጉት የቱን እንደሆነ ለዩ

በሀገራችን ቦታኒ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በአብዛኛው ራሱን ችሎ አይሰጥም። ባዮሎጂ ውስጥ ገብቶ ነው የምታገኙት። ራሱን ችሎ የሚመጣው ማስተርስና ፒኤችዲ ላይ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ የዕፅዋት ባዮሎጂና የብዝኃ ሕይወት አያያዝ የሚባል ትምህርት ክፍል አለው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ቦታኒን አትፈልጉ። ባዮሎጂን ፈልጉ።

ግን ቆዩ። "ፕላንት ሳይንስ" የሚልም ታያላችሁ። ሆርቲካልቸር (የአትክልት፣ የፍራፍሬና የአበባ ልማት)፣ ፎረስትሪ (የደን ትምህርት)፣ ባዮቴክኖሎጂም አለ። "ፕላንት" የሚለውን ቃል አይቶ ዘሎ የሚገባ ልጅ ብዙ ነው። ሁሉም ስለ ተክል ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ቡናን እንያዝ። ባዮሎጂ ተምሮ ወደ ዕፅዋት ያደላ ሰው ጫካ ገብቶ የዱር ቡናን ያጠናል። የት ይበቅላል? ከየትኞቹ ዝርያዎች ጋር ይዛመዳል? አበባውን የሚጎበኙት ነፍሳት የትኞቹ ናቸው? ፕላንት ሳይንስ የተማረው ማሳ ላይ ነው። በስንት ሜትር ርቀት ይተከል? ምርቱ በምን ይጨምር? በሽታውን ምን ይከላከለው? ፎረስትሪ የተማረው የጥላ ዛፎቹን ይለካል። ባዮቴክኖሎጂ የተማረው ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ ከቅጠል ቁራጭ ችግኝ ያወጣል።

እርግጥ ዕውቀቱ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ሀገራችን ገባ። ሲቢዲ የሚሉት ነው። ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ አጥቁሮ ያረግፈዋል። ተመራማሪዎች መፍትሔ ፍለጋ የሄዱት ወደ ራሱ ወደ ቡናው ሀገር ነው። በሽታው መሀል ቆመው ያልተነኩ ዛፎችን እየዞሩ ፈለጉ። ዛሬ ብዙ ቡና ገበሬ በቁጥር የሚያውቃቸው 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1974 ኢሉባቦር ውስጥ መቱ አካባቢ ከተለዩ እናት ዛፎች ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተለዩበት ዓመት ነው። ይህን ለመሥራት የማሳውም የጫካውም ዕውቀት ያስፈልጋል።

ሁለቱም መንገድ ሩቅ ያደርሳል። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በዕፅዋትና በሥነ ምህዳር በኩል የሄዱ ሰው ነበሩ። ለብዝኃ ሕይወትና ለገበሬዎች መብት ባደረጉት ትግል እ.ኤ.አ. በ2000 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ በፕላንት ሳይንስ ተመረቁ። አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ አወጡ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ።

ለመለየት አንዲት ጥያቄ ትበቃለች። ማሳ ዳር ስትቆሙ ዓይናችሁ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ስንዴው ከሆነ ፕላንት ሳይንስ ግቡ። አጥሩ ላይ ወደተጠመጠመው ስሙን ወደማታውቁት ሐረግ ከሆነ ባዮሎጂ ነው። የእህቴ ልጅ ሳያመነታ "ሐረጉ" አለ።

2. ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ሞክሩት

ይህን ደረጃ ማንም አይነግራችሁም። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማምንበት ይሄንን ነው። ቦታኒ ፎቶ ላይ የሚያምረውን ያህል ሥራው ላይ አያምርም። ጭቃ አለው፣ እሾህ አለው፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከሰፈራችሁ አሥር ተክል ልቀሙ። ሐረግም፣ ሣርም፣ ቁጥቋጦም ይኑርበት። ቅጠል ብቻ አይበቃም፤ አበባ ወይም ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ይሁን። ጋዜጣ መሀል አንጥፉት። ቅጠሎቹ እንዳይደራረቡ፣ አንዱ ቅጠል ተገልብጦ ጀርባው እንዲታይ አድርጉ። ከላይ ከባድ ነገር ጫኑበት። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። ለእያንዳንዱ የት፣ መቼ፣ ምን ዓይነት ቦታ ላይ እንዳገኛችሁት በብጣሽ ወረቀት ጻፉ። የአካባቢ ስሙን ከእናቶች ጠይቁ።

የእህቴ ልጅ ግራዋ፣ ጌሾ፣ ደማከሴ፣ ብሳናና ሌሎችንም ለቀመ። የእህቴን የጤፍ ጆንያ ጫነበት። ጋዜጣውን ሁለት ቀን ሳይቀይር ቀረና ሁለቱ ሻገቱ። እህቴ ስለ ጆንያው ምን እንዳለች አልጽፍም።

ከለቀማቸው አንዷ አደይ አበባ ነበረች። ወቅቱ ነዋ። "ይቺንስ አውቃታለሁ" አለኝ። አታውቃትም አልኩት። አደይ አበባ የምንለው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ቢደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ ከአንድ በላይ ዝርያዎችን ሁሉ አደይ ነው የምንላቸው። አንደኛዋ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ትባላለች። "ማክሮፕቴራ" በግሪክኛ ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ነው። እነዚህን ለመለየት ደግሞ ፍሬውን ማየት ያስፈልጋል። እሱ የለቀመው አበባ ብቻ ነበር። ፊቱ ላይ የንዴት ሳይሆን የጉጉት ነገር አየሁበት። ያኔ ነው ይሄ ልጅ ይማርልን ብዬ የቆረጥኩት።

አሥር ተክል ለቅማችሁ በሦስተኛው ቀን ከሰለቻችሁ አትፈሩ። አራት ዓመት ከባከነ በኋላ ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻላል።

3. የምደባውን አሠራር ተረዱ

ይህን አጠር ላድርገው። ከተፈጥሮ ሳይንስ የስድስት ትምህርት ፈተና ከ600 ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ከዚያ በታች ያመጣውም በሪሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) የመግባት ዕድል ሲሰጠው ቆይቷል። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትመደቡ በቀጥታ "ባዮሎጂ" ብላችሁ አትገቡም። የፍሬሽማን ኮርሶችን ከሌላው ጋር ትወስዳላችሁ። ዲፓርትመንት የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ዝርዝሩ በየዓመቱ ስለሚነካካ የዓመቱን ማስታወቂያ ከትምህርት ሚኒስቴርና ከዩኒቨርሲቲው ከራሱ ገጽ አንብቡ። ከቴሌግራም ወሬ አይደለም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ አሁን የምትመርጡት ትምህርቱን ሳይሆን ቦታውን ነው። ስለዚህ ባዮሎጂም ግብርናም ያለበትን ዩኒቨርሲቲ ብትመርጡ ሐሳባችሁ ቢቀየር መውጫ ይኖራችኋል። ሁለተኛ፣ ባዮሎጂ እንደ ሕክምና ወይም እንደ ሶፍትዌር የሚጋፉበት ክፍል አይደለም። ጥሩ ውጤት ይዞ ባዮሎጂን አንደኛ የሞላ ልጅ በውጤት የሚቀደምበት ምክንያት እምብዛም ነው። ስለዚህ እንደ ለማኝ አትምረጡ። ጠይቁ፣ አወዳድሩ።

የግል ኮሌጅስ? ብዙ አትድከሙ። አብዛኞቹ ያሉት ቢዝነስ፣ ጤናና ኮምፒውተር ላይ ነው። ካገኛችሁም መጀመሪያ የፕሮግራሙን ዕውቅና ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ።

4. ካሪኩለሙን አንብቡ፣ ግን አትመኑት

መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚጠቀሙት ካሪኩለም በሀገር ደረጃ የተጣጣመ ነው። በወረቀት ካያችሁት የሁሉም ባዮሎጂ ይመሳሰላል። የመውጫ ፈተናውም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ "የእገሌ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ ይበልጣል" የሚለው ክርክር ውኃ አያነሳም።

ልዩነቱ ያለው ኮርሱ እንዴት እንደሚሰጥ ላይ ነው። ይህን ከራሴ ልንገራችሁ። እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በተማርኩበት ቦታ የዕፅዋት አናቶሚ (የውስጥ አካል አሠራር) ኮርስ ነበረን። ወረቀቱ ላይ ላብ አለው ይላል። በአንድ ማይክሮስኮፕ ዙሪያ አሥራ አንድ ሆነን ቆምን። እኔ ስደርስ አምፖሉ ጠፋ። መምህሩ ምን ያድርግ፣ ቅጠሉ የሚተነፍስባትን ቀዳዳ ሰሌዳ ላይ በቾክ ሣለልን። ሁለት የባቄላ ፍሬ ፊት ለፊት የቆሙ ትመስል ነበር። ፈተናው ላይ እሷኑ ሥዬ ኤ አገኘሁ። እውነተኛዋን ያየሁት ማስተርስ ከገባሁ በኋላ ነው። ግሬድ ሪፖርቴን የሚያይ ሰው ግን ይህን አያውቅም።

ለማንኛውም የኮርስ ዝርዝሩን ስታዩ የዕፅዋት አመዳደብ፣ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ሥነ ምህዳር እንዳሉ አረጋግጡ። ስታትስቲክስን አትሽሹት። የኋላ ኋላ እንጀራ የሚሆነው እሱ ነው። ጂአይኤስ (በኮምፒውተር የሚሠራ የካርታ ሥራ) የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ባገኛችሁበት ያዙት።

5. ሄርባሪየም አለ ወይ?

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ ብትሉኝ ይሄንን እላለሁ።

ሄርባሪየም የደረቁ ዕፅዋት ቤተ መጻሕፍት በሉት። እናንተ በጤፍ ጆንያ የሠራችሁትን በወጉ የተሠራ አድርጋችሁ አስቡት። የደረቀው ቅርንጫፍ ጠንካራ ነጭ ወረቀት ላይ ይለጠፋል። ከግርጌው ትንሽ ጽሑፍ አለች። ቦታው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና ቁጥር። ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ በየቤተሰቡ ይደረደራል። እናንተ ሳትወለዱ የተለቀመ ቅርንጫፍ አውጥታችሁ፣ ትናንት ከለቀማችሁት አጠገብ አስቀምጣችሁ ታመሳክራላችሁ። ዕፅዋትን መለየት የሚለመደው እንዲህ ነው። ከስላይድ አይለመድም።

ትልቁ አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከ80 ሺህ በላይ ናሙና አለው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ተዘርዝረው የተጻፉበት ባለ 8 ቅጽ ፍሎራ ሥራም ማዕከሉ እዚሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ነው ያለቀው። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ሰፍረውበታል። ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ ሀገር የማይገኝ ነው። ሥራውን ከመሩት አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው እ.ኤ.አ. በ2016 እንግሊዝ ያለው የኪው ዕፅዋት ተቋም የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

ሁሉም ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ነገር ይኑረው አይባልም። ሁለት ቁም ሣጥን ያላት ትንሽ ክፍልም ትበቃለች። ጥያቄው ተማሪ ይገባባታል ወይ ነው። ቁልፉ የጠፋ ሄርባሪየም ከሌለው አይሻልም።

ልጆቻችሁን አሜሪካ የምታስተምሩ ወገኖችም ይህችን ጥያቄ ያዟት። እዚያም ቦታኒ የሚል ስም ያለው ዲፓርትመንት እየቀነሰ ሄዷል። ባዮሎጂ ወይም ፕላንት ሳይንስ ውስጥ ተዋህዷል። ሄርባሪየሙ አሁን ስላለ ብቻ አትዘናጉ። ዱክ ዩኒቨርሲቲ 825 ሺህ ገደማ ናሙና ያለውን ሄርባሪየሙን እንደሚዘጋ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲያሳውቅ የሙያው ሰው ሁሉ ደንግጧል። ዲፓርትመንቱን ስትጠይቁ "አለ ወይ?" ብቻ ሳይሆን "ይቀጥላል ወይ?" በሉ።

6. ግቢው ዙሪያ ምን ይበቅላል?

ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲመርጡ ከቤት ያለውን ርቀት፣ የአየሩን ጠባይና የከተማውን ድምቀት ያያሉ። ሰላሙንም ያያሉ፤ እሱስ መታየት አለበት። ቤተሰብ እንዲህ ባለው ጊዜ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። መንገዱ የሚያሳስብ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ቅርብ ያለውን ምረጡ።

ይሄ ካልሆነ ግን ለዕፅዋት ተማሪ ትልቁ ላብ ከግቢው አጥር ውጭ ነው። ካርታ ዘርጉና እዩ።

አዲስ አበባ ሄርባሪየሙ ብቻ አይደለም ያለው። በሰሜን ምዕራብ በኩል 705 ሄክታር ላይ ያረፈ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ። ዩኒቨርሲቲውና የከተማ አስተዳደሩ በጋራ ያቋቋሙት ነው። የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም እዚሁ ከተማ ነው። ማስተርስ ላይ ያሉ ተማሪዎችን የምታገኙትም በብዛት እዚህ ነው። ጉዳቱ? ከተማው ውድ ነው፣ ጫካውም ደጃፍ ላይ አይደለም።

ወንዶ ገነት የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የደን ኮሌጅ ነው። ተራራ ሥር፣ ጫካ አፍ ላይ ነው የተቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ1978 በስዊድን ድጋፍ ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ የሀገሪቱ የደን ባለሙያ መፍለቂያ ነው። ዛፍ የሚወድ ልጅ እዚያ ቢሄድ አይቆጭም። እኔ አሁን ብመርጥ ሁለት ሌሊት አላስብም ነበር፣ ወንዶ ገነትን እሞላ ነበር።

ሐረማያ የጥንቱ ዓለማያ ነው። ከአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመ፣ ግብርናው ሥር የሰደደ። ማሽላውም፣ ጫቱም፣ የቆላው ቁጥቋጦም አጠገቡ ነው። ጅማ ቡና ነው፣ ምን ይባላል። መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ቅርቡ ነው። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ጣና ዳር የዘጌ ጫካ አለ። ወደ ደቡብ ጎንደር ስትወጡ ደግሞ በእርሻ ባሕር መሀል እንደ ደሴት የቀሩ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ታያላችሁ። ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ሌላ ቦታ ያለቀው እዚያ ቅጥር ውስጥ ቆሟል። ብዙ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በእነሱ ላይ ነው።

ትንንሾቹን አትናቁ። ሮቤ ያለው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ለባሌ ተራሮች ቅርብ ነው። በአንድ ቀን ጉዞ ከሐረና ጫካ ተነስታችሁ 4,000 ሜትር ላይ ጅብራ የሚቆምበት ሳነቴ ትደርሳላችሁ። በአንድ ተራራ ላይ ዕፅዋት ከከፍታ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጡ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ቦንጋና መቱ የዱር ቡናው ሀገር ላይ ናቸው። ዲላ እንሰት፣ ቡናና ዛፍ ተደራርበው በሚያድጉበት በጌዴኦ መሀል ነው። ደብረ ብርሃን ለወፍ ዋሻ ደን ቅርብ ነው። ስማቸው እንደ ትልልቆቹ አይጠራም። ግን የተማሪው ቁጥር ሲያንስ መምህሩ በስም ያውቃችኋል፤ ለዚህ ትምህርት ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

7. ሲኒየር ፈልጉና እነዚህን ጠይቁ

ዩኒቨርሲቲው ድረስ መሄድ ብትችሉ ጥሩ ነበር። አብዛኛው ሰው አይችልም። ስለዚህ እዚያ የሚማር ሦስተኛ ወይም አራተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ፈልጉ። በሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ፣ በቀድሞ ትምህርት ቤታችሁ በኩል አይጠፋም። "ግቢው እንዴት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "አሪፍ ነው" ይላችኋል፤ ምንም አልነገራችሁም። እንዲህ በሉ፦

– ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ፊልድ ወጣችሁ? የት? ስንት ቀን አደራችሁ?

– ላብ ላይ አንድ ማይክሮስኮፕ ለስንት ተማሪ ይደርሳል?

– ዕፅዋት ላይ የሚሠራ መምህር ስም ጥቀስልኝ። ስንት ናቸው? አሁን ግቢ ውስጥ ናቸው ወይስ ፒኤችዲ ላይ?

– አምና ከተመረቁት ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፉን ዕፅዋት ላይ የሠራ አለ? ርዕሱ ምን ነበር?

ሦስተኛው ጥያቄ ወሳኝ ነው። አንድ ጎበዝ የዕፅዋት መምህር ያለበት ደካማ ዲፓርትመንት፣ ሁሉም መምህር ማይክሮባዮሎጂ ላይ ከሆነበት ጠንካራ ዲፓርትመንት ይሻላችኋል። የመምህሩን ስም ካገኛችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት፤ ምን ላይ እንደጻፈ ታያላችሁ። ደፈር ካላችሁ ኢሜይል ጻፉለት። አራት መስመር ይበቃል፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትወዱ፣ ዲፓርትመንቱ ውስጥ በዕፅዋት ላይ መሥራት ይቻል እንደሆነ። የእህቴ ልጅ ለሦስት መምህራን ጻፈ። አንደኛው በማግስቱ መለሰ። "ና፣ ቡት ጫማ ይዘህ ና" የሚል ነበር መልሱ። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልመለሱም።

8. ስለ እንጀራው በግልጽ እናውራ

ቤተሰብ የሚጠይቀው ይሄንን ነው፤ ደግሞም ትክክል ነው። በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ይዞ ሥራ ማግኘት ከባድ ነው። አላሳምረውም። ብዙዎች የመምህርነት ሥልጠና ጨምረው ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራሉ። ፕላንት ሳይንስና ሆርቲካልቸር የተማሩት በዚህ በኩል ቶሎ ይቀናቸዋል። የግብርና ጽሕፈት ቤት አለ፣ የአበባ እርሻ አለ፣ የዘር ድርጅት አለ።

ዕፅዋት ላይ የሚቀጥል ሰው ግን ከመጀመሪያው ማስተርስን አስቦ ይግባ። የሚቀጥሩት የምርምር ተቋማት፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ፓርኮችና በአካባቢ ጥበቃ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ናቸው። ሌላም ብዙ ሰው የማያየው በር አለ። መንገድ ወይም ግድብ ከመሠራቱ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ይካሄዳል። እዚያ ላይ ቆሞ "ይሄ ምንድነው፣ ይሄ ብርቅ ነው" የሚል ሰው ይፈለጋል። ዕፅዋትን በትክክል የሚለይ ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል።

ሁለት ነገር አትርሱ። ማስተርስ ለመግባት የመግቢያ ፈተና አለ፣ ግሬድም ይታያል፤ ስለዚህ ፍሬሽማን ላይ "ይሄ የእኔ ትምህርት አይደለም" ብላችሁ አትልፈስፈሱ። የመውጫ ፈተናው ደግሞ ሁሉንም ባዮሎጂ ነው የሚጠይቀው። ዕፅዋት እወዳለሁ ብሎ ጄኔቲክስን የተወ ልጅ ዲግሪው ደጃፍ ላይ ይቆማል።

9. አሁን ሙሉት

የእኛ ቤት አሠራር ይሄ ነበር። ወረቀት ላይ አምስት ዩኒቨርሲቲ ጻፍን። ለእያንዳንዱ አራት ነገር አሰፈርን፦ የዕፅዋት መምህር፣ ፊልድ፣ ሄርባሪየም ወይም የዕፅዋት ስፍራ፣ መንገዱ ለቤተሰብ የሚያሳስብ መሆን አለመሆኑ። መልስ ያላገኘንበትን ባዶ ተውነው፤ በግምት አልሞላንም። እህቴ አራተኛው ላይ ሁለቱን ሰረዘች። ከቀሩት ሦስቱ "ቡት ጫማ ይዘህ ና" ያለው መምህር ያለበት አንደኛ ሆነ። ደጋ ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያው ደረሰው።

ሻንጣው ውስጥ ምን እንደሚጨምር ጠይቆኝ ነበር። አሮጌ ጋዜጣ፣ እርሳስ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር። እርሳስ ያልኩት ዝናብ ስለማያጠፋው ነው። እህቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ጨመረችበት።

ታኅሣሥ ላይ ደወለ። ገና ፍሬሽማን ነው፣ ዲፓርትመንት አልመረጠም። ድምፁ ያለከልካል፤ ከዶርም ጀርባ ካለው ቁልቁለት ላይ ነው።

"ጋሼ፣ አደይዋ ደርቃ ፍሬዋን አገኘሁት። ዳርና ዳሩ ላይ ስስ ነገር አለው፣ ክንፍ ይመስላል። ማክሮፕቴራ ናት አይደል?"

"በስልክ አልነግርህም" አልኩት። "ከነሥሯ ነቅለህ ጋዜጣ ውስጥ አስገባት። ከፍታውን ጻፍ። ጋዜጣውን ደግሞ በየቀኑ ቀይር።"